የቲሙ ሲጎለምስ፦ ከገንዘቡ ጋር ውሳኔውንም ማስረከብ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲም ሲነሳ በአብዛኛው የሚታሰበን ደብተርና የዒድ ልብስ የሚያስፈልገው ሕፃን ነው። ሕፃኑ ግን ያድጋል። ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ዳቦና ልብስ ብቻ አይበቃውም፤ እንዴት መወሰን እንዳለበት የሚያስተምረው ሰውም ያሻዋል።

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከባዱ ውሳኔ የታወቀ ነው፤ እርሱም የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ነው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ በርካታ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደዚያ አቅንተዋል። ተሳክቶላቸው ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ መኖራቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነግሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በማላዊ ምዚምባ ወረዳ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ 25 አስከሬኖች ሲገኙ፣ የአገሪቱ ፖሊስ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገልጿል።

አባት የሌለው ልጅ በዚህ ረገድ በሁለት በኩል የተጋለጠ ነው። አንደኛ፣ «ቆይ ልጄ፣ እንመካከር» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከአባቱ የወረሰው ቁራሽ መሬት ወይም አንዲት ላም ካለችው፣ ለደላላው የምትሸጠው እርሷ ናት።

ሸሪዓችን ለዚህ ዕድሜ ግልጽ ሥርዓት አለው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የቲሞችን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ ድረስ እንድንፈትን፣ ሩሽድን ማለትም ቅን አስተዋይነትን ስናይባቸው ገንዘባቸውን እንድናስረክብ፣ ስናስረክብም ምስክር እንድናቆም አዝዟል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየታቸውን ልብ እንበል። ቡሉግ ወይም ለአቅመ አዳም መድረስ የአካል ነገር ነው። ሩሽድ ግን በዕድሜ ብቻ አይመጣም፤ በልምምድ የሚገኝና በፈተና የሚታወቅ ነው። ቡሉግ ደርሶ ሩሽድ ሊዘገይ ይችላል።

ፈተናው እንዴት ነው? ኢማሙ ነወዊ በሚንሃጅ ኪታባቸው እንደ የልጁ ሁኔታ እንደሚለያይ ያስረዳሉ። የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ ዋጋ በመከራከርም ይፈተናል። የገበሬ ልጅ በእርሻውና ለሠራተኞች በሚያወጣው ወጪ ይታያል። ፈተናው ከቡሉግ በፊት ይጀመራል፤ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይም ይደጋገማል። ልጁ ዋጋውን ይከራከራል፤ ውሉን የሚፈጽመው ግን ሞግዚቱ ነው። እንግዲህ ልጅን ሁሉን ከልክሎ አሳድጎ በአንድ ቀን ሁሉን መልቀቅ የሸሪዓው መንገድ አይደለም። ደረጃ በደረጃ፣ ስሕተቱ የማይጎዳው በሆነበት ጊዜ እንዲወስን ማድረግ ነው።

ውሳኔ ከስሜት ጋር የተያያዘ ነው። የአእምሮ ጥናት ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያሰላው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜ የጓደኛ ተጽዕኖም ብርቱ ነው። «እገሌ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ» የሚለው ኀፍረት፣ በፈተና መውደቅ የሚያመጣው ተስፋ መቁረጥ፣ «ሸክም ሆንኩባቸው» የሚለው ሐዘን ልጁን ያስቸኩሉታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ ሰው ማለት በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረዋል፤ የቆመ ሰው ሲቆጣ እንዲቀመጥም መክረዋል። ስሜቱን በስሙ ጠርቶ «ተናድጃለሁ»፣ «አፍሬያለሁ» ማለት የቻለ ልጅ ለመግዛትም ይቀርበዋል።

ልጅን ማማከር ክብሩን መጠበቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጥ ቀርቦላቸው በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች በነበሩ ጊዜ፣ አስቀድመው ለሽማግሌዎቹ ለመስጠት የልጁን ፈቃድ ጠየቁ። ልጁ ከእርሳቸው የሚያገኘውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ሲመልስ አልተቆጡትም፤ ለእርሱ ሰጡት። ራሳቸውም ከመወለዳቸው በፊት አባታቸውን፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እንላለን።

አንደኛ፦ ለልጁ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ይሰጠው፤ ያወጣበትንም ያለ ቁጣ ያስረዳ።

ሁለተኛ፦ «እሄዳለሁ» ሲል በስድብ አይመለስ። መንገዱን፣ ዋጋውን፣ አደጋውንና እዚህ ያለውን አማራጭ በወረቀት ጽፎ ከሚያከብረው ሰው ጋር ይማከር፤ ኢስቲኻራም ይስገድ። ኢስቲኻራ ግን ምክክርንና ማጣራትን አይተካም።

ሦስተኛ፦ ሞግዚት የሆነ ሁሉ የልጁን ውርስ ለደላላ አይሽጥ። የየቲም ገንዘብ በጎ ለሆነ ጥቅሙ ካልሆነ በቀር አይነካም። በአገራችንም ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰም።

ውድ ረጂዎች፣ ልጁ ቡሉግ ሲደርስ የቲም መባሉ ያበቃል፤ የእኛ ኃላፊነት ግን በዚያው ቀን አያበቃም። ደላላው የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነውና፣ እርዳታችሁ እስከ ሙያ ትምህርትና እስከ መጀመሪያ ሥራው ይዝለቅ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ጊዜውንና ጆሮውን ይስጥ።

አላህ ልጆቻችንን ሩሽድን ይለግሳቸው፤ የእኛንም አደራ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።