ማራገቢያ አያቀዘቅዝም
በቆላም በደጋም እንጉዳይ በሣጥን ለሚያበቅሉ የተዘጋጀ ትምህርት

እንበል፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችን፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የላትም። ጥግ ላይ አሮጌ ቁም ሣጥን አቁመን በመደርደሪያዎቹ ላይ የእንጉዳይ ከረጢቶች ደርድረናል። ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው በእንፋሎት የበሰለ የጥጥ ፍሬ ገለባ ነው፤ የእንጉዳይ ዘር ተቀላቅሎበታል። ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ ከቀኑ 8። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 34 ዲግሪ ያሳያል። ያን ጊዜ የሁላችንም ሐሳብ አንድ ነው፤ ማራገቢያ እንግጠም።

ቆይ እንበል። ማራገቢያ አያቀዘቅዝም። ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውጭ ያለውን ያስገባል፤ ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ሰው ማራገቢያ ፊት ሲቀመጥ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ላቡ ስለሚተን ነው። ቴርሞሜትር አያልበውም፤ ማራገቢያ ፊት ብታቆሙት ከክፍሉ ሙቀት ፈቅ አይልም። ስለዚህ ክፍሏ 33 ዲግሪ ከሆነች ሣጥኑ ላይ አሥር ማራገቢያ ብትደረድሩ ከ33 በታች አይወርድም። እንዲያውም የእያንዳንዱ ሞተር ሙቀት ይጨመርበታል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ማራገቢያ?» ሳይሆን «የሚገባው አየር ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ከቆርቆሮው ሥር የጋለ አየር ለሚስብ ሣጥን መፍትሔው ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ከቆርቆሮው በታች የቀርከሃ ምንጣፍ ወጥሩ፤ በምንጣፉና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ሣጥኑን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት። ሣጥኑ የሚያስወጣውን አየር ደግሞ በቱቦ ከክፍሉ ውጭ አውጡት፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ከተፋው መልሶ የሚስበው የራሱን ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ከውጭ የሚገባውን አይተናል። ከውስጥ የሚፈጠረውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንጉዳይ ተክል አይደለም፤ እንደ እኛ ይተነፍሳል። ገለባውን ሲበላ ሙቀት፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ነጩ ድር ገለባውን እየወረሰ በሚሄድባቸው ሳምንታት የከረጢቱ መካከል ከሣጥኑ አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን በር ላይ አትስቀሉት፤ በሁለት ከረጢቶች መካከል አስገቡት፤ ከረጢቶቹንም አታጠጋጓቸው፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ድሩ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይመቸዋል። ከ35 በላይ ሲቆይ ይዳከማል፤ የተዳከመውን ስፍራ አረንጓዴው ሻጋታ ይወርሰዋል።

በዚሁ ሣጥን ከእንጉዳይ ይልቅ ችግኝ በመብራት የሚያሳድግ ሰው ሌላ ሒሳብ አለበት። አምፖሉ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃኑም ቅጠልና ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መጨረሻው ሙቀት ነው። ይህ ሒሳብ አርባ ምንጭ ላይ ደስ በሚያሰኝ ሁኔታ ይቀላል። ለምን ቢሉ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በ30 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ አንድ ጁል ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ የአምፖሉን ዋት ሣጥኑ ከክፍሉ ሊበልጥ በተፈቀደለት ዲግሪ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር በሴኮንድ የሚያስፈልገው የአየር ሊትር ነው። ለ100 ዋት አምፖል፣ ልዩነቱ 5 ዲግሪ እንዲሆን ከፈለግን፣ በሴኮንድ 20 ሊትር፣ በሰዓት 72 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ከዚህ በአንድ ስድስተኛ ያህል ያነሰ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ አትመኑት። ማራገቢያው ካርቶን ላይ የተጻፈውም ቁጥር ምንም ሳይጋረድበት የሚነፍሰው ነው፤ ወንፊትና ቱቦ ሲጨመርበት ብዙ ይቀንሳል።

አየሩ የት ይግባ፣ የት ይውጣ? ወደ ጨንቻ ስትወጡ ዶርዜ ላይ ቆም በሉና የቀርከሃውን ቤት ተመልከቱ፤ ፊቱ የዝሆን ፊት የሚመስለውን፣ ከላይ በእንሰት የተሸፈነውን። ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ጭስ ማውጫ ግን የለውም። ጭሱ ወደ ረጅሙ ጣሪያ ይወጣና በክዳኑ መካከል እየሾለከ ያልፋል። የወጣውን ያህል ደግሞ በበሩ በኩል ከታች ይገባል። ይህ ሁለተኛው ነገር ነው የሚዘነጋው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሣጥኔ ላይ መውጫውን በጥንቃቄ ቀድጄ መግቢያ ረሳሁ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፤ በበሩ ስንጥቅ የሚሳበው አቧራና ዝንብ ብቻ ነበር። መግቢያውን ከታች በአንድ ጎን፣ መውጫውን ከላይ በተቃራኒው ጎን አድርጉ፤ መግቢያው ከመውጫው አይነስ፣ ቢበልጥ ይመረጣል። ሁለቱንም በአጎበር ጨርቅ ሸፍኗቸው፤ አርባ ምንጭ ላይ አጎበር የማያውቅ ቤት የለም መቼም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ የትምህርቱ ልብ ያለው እዚህ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተከፈተባት፣ በምንጮቿ በተሰየመች ከተማ ስለ ውሃ ማስተማር ድፍረት ቢሆንም፣ የምለው እናቶቻችን የሚያውቁትን ነው። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል ቢሉ፣ ሸክላው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ከእንስራው ይወስዳል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት ባለ 100 ዋት አምፖል ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ በርቶ የሚያወጣውን ያህላል። በሣጥኑ መግቢያ ላይ ርጥብ ጆንያ ስቀሉ፤ ከላይ ቀዳዳ ያላት ጣሳ ውሃ ታንጠባጥብበት፤ ማራገቢያው ከላይ መውጫው ላይ ሆኖ አየሩን በጆንያው ውስጥ እየሳበ ያሳልፍ። አሁን ማራገቢያው ለሚያቀዘቅዘው ነገር አገልጋይ ሆነ።

ምን ያህል ይቀዘቅዛል? መልሱ በጆንያው ላይ ሳይሆን በአየሩ ድርቀት ላይ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አየሩ 33 ዲግሪ፣ ርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ የመጨረሻው ወሰን 21 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በቤት የተሠራ ጆንያ 24 ወይም 25 ድረስ ያወርደዋል። ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ ሲበረታ ግን፣ አየሩ 28 ዲግሪ፣ ርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን፣ ወሰኑ 25 ነው። ያን ጊዜ ጆንያው ሣጥኑን ከማጨቅየት በቀር የሚረባው ጥቂት ነው፤ አንሡትና አየር ብቻ ለውጡ። ጆንያውን በሳምንት አንዴ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ከሻገተ ሻጋታውን በማራገቢያ እየዘራችሁ ነው።

ሌሊቱንም አትርሱት። ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ያለው አየር በነፃ የቀዘቀዘ ነው። ያን ጊዜ ማራገቢያውን አብሩ፤ ረፋዱ ላይ፣ የውጭው አየር ከሣጥኑ መብለጥ ሲጀምር፣ አየር መለወጡን ለትንፋሽ በሚበቃው ብቻ ወስኑት። ከሣጥኑ ግርጌ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጡ። ሌሊት በ8 ዲግሪ የቀዘቀዘ ጀሪካን ቀን ተመልሶ እስኪሞቅ የሚውጠው ሙቀት የዚያው ባለ 100 ዋት አምፖል የሁለት ሰዓት ገደማ ሙቀት ነው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ጀሪካኑ ግን ሥራውን አያቋርጥም።

እስካሁን ስለ ሙቀት ብቻ ስናወራ ትንፋሹን ገሸሽ አድርገነዋል። ነጩ ድር ከረጢቱን በሚሞላበት ጊዜ ትንሽ አየር ይበቃዋል። ከረጢቱ ተቀድዶ እንጉዳዩ ብቅ ሲል ግን ንጹሕ አየር ይጠይቃል፤ ርጥበትም ከ80 በመቶ በላይ ይፈልጋል። አየር ስትለውጡ ይደርቃል፣ ርጥበት ስትጠብቁ ይታፈናል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ማራገቢያውን ቀኑን ሙሉ ከማስኬድ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ይሻላል። የተቀረውን እንጉዳዩ ራሱ ይነግራችኋል። እግሩ ረዝሞ ባርኔጣው እንደ አዝራር ካነሰ ታፍኗል፤ የውጭ አየር ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖረው፣ ሣጥኑ ውስጥ ከ1,000 ሲያልፍ እንዲህ ይሆናል። ጋዙ ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል እያሉ ግርጌውን የሚበሱ አሉ፤ በእንዲህ ያለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከአየሩ ጋር ይደባለቃልና አትድከሙ። የባርኔጣው ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ከተሰነጠቀ ነፋሱ በዝቶበታል። ባርኔጣው ላይ ውሃ አቁሮ ከዋለ ደግሞ ነፋሱ አንሶታል። ዕድሜው ሲገፋ የሚበትነው ነጭ ዱቄት ሳንባ ይጎዳል፤ ሣጥኑ ባለበት ክፍል አትተኙ።

ይህ ሁሉ ለቆላው ነው። ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ወጥታችሁ ጨንቻ፣ 2,700 ሜትር አካባቢ ስትደርሱ፣ አየሩ ከአርባ ምንጭ በ9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ትምህርቱም ይገለበጣል። እዚያ ጭንቀቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። ሣጥኑን በገለባና በቀርከሃ ምንጣፍ አልብሱት፤ ከረጢቶቹን አጠጋጓቸው፣ አንዱ ሌላውን ያሙቀው። ሲቀላ ላይ ሌሊት የሚነሣው ማራገቢያ ጨንቻ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ይነሣል። ጆንያውንማ አጥባችሁ ለድንች መጫኛ ብትሰጡት ይሻላል።