የቤት ካርታ እንዴት ይነበባል? የመሬት ልኬትና የይዞታ ምዝገባ መሠረታዊ ትምህርት

ቤት ወይም ቦታ ሲሸጥ ሦስት ነገሮች መግጠም አለባቸው። እነርሱም በመሬት ላይ ያለው ቦታ፣ በወረቀት ላይ ያለው ካርታ እና በመንግሥት መዝገብ ላይ የሠፈረው መብት ናቸው። ሦስቱ ሲገጥሙ ሻጭም ገዢም ሰላም ነው። አንዱ ከሌላው ሲለያይ ግን በስንት ድካም የተጠራቀመ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ገዢው ዓመታትን በፍርድ ቤት ደጅ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህም የሪል እስቴት ሙያ የሚማር ሰው ከዋጋ ግምትና ከድርድር አስቀድሞ እነዚህን ሦስቱን ማመሳከር መልመድ ይኖርበታል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። በመሆኑም በገበያ ቋንቋ «ቦታ ተሸጠ» ቢባልም፣ በሕግ የሚተላለፈው በመሬቱ ላይ ያለው ቤትና በቦታው የመጠቀም መብት ነው።

ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። ነባር ይዞታ የሚባለውና በሊዝ የተያዘው ቦታ ግዴታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የሊዝ ቦታ ሲሆን ዘመኑ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ያልተከፈለ ቀሪ ዋጋ መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም ግንባታው በውሉ መሠረት መከናወኑ መታየት አለበት። ካርታው ሲነበብ ከስሙ ቀጥሎ የሚፈለገው ይኸው የይዞታው ዓይነትና የተፈቀደው አገልግሎት ነው።

ከቀላድ እስከ ኮኦርዲኔት

በቀድሞው ዘመን መሬት የሚለካው ቀላድ በተባለ ገመድ ነበር። ገመድ ርዝመትን ይናገራል፤ ቦታው የት እንደሆነ ግን አይናገርም። የቆዩ የሽያጭ ውሎች ይህን ጉድለት የሚሞሉት አዋሳኞችን በመጥቀስ ነው፤ በምሥራቅ የእገሌ ቤት፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ እየተባለ። ችግሩ ጎረቤት ይሞታል ወይም ይሸጣል፣ መንገድ ይሰፋል፣ ወንዝም መሄጃውን ይለውጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሉ ቢኖርም ወሰኑን የሚያሳይ ሰው ይጠፋል።

ኮኦርዲኔት የመጣው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ የወሰን ማዕዘን ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት በሜትር ያሳያል። አዲስ አበባ የምትገኘው ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት 37ኛው ዞን ውስጥ ነው። የሰሜኑ ቁጥር ከምድር ወገብ ይቆጠራል። የምሥራቁ ደግሞ የሚነሣው የዞኑ መካከለኛ መስመር 500,000 ሜትር ተብሎ ነው። የድንጋይ ምልክቱ ቢነቀል እንኳ ቁጥሩ ካለ ቀያሹ በቶታል ስቴሽን ወይም ትክክለኛ በሆነ የጂፒኤስ መሣሪያ መልሶ ሊተክለው ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ላይ ሲሆን፣ ስልክና አነስተኛ ጂፒኤስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ መነሻ ይሠራሉ። ሁለቱ ሳይታረቁ ቢነጻጸሩ በመካከላቸው ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት ይታያል። ስለዚህ ስልክ ይዞ «ካርታው ተሳስቷል» ማለትም ሆነ «ትክክል ነው» ማለት አይቻልም።

አራት ጎን መለካት አይበቃም

ለምሳሌ ያህል ሻጭ ቦታው 15 በ15፣ በድምሩ 225 ካሬ ሜትር ነው ይላል። ገዢ ሜትር ይዞ ሄዶ አራቱን ጎን ይለካል። እያንዳንዱ ልክ 15 ሜትር ሆኖ ያገኘዋል፤ ተደስቶም ይመለሳል። በካርታው ላይ ያሉት ማዕዘኖች ግን የሚከተሉት ናቸው እንበል፦

ማዕዘን 1፦ ምሥራቅ 472100፣ ሰሜን 996500
ማዕዘን 2፦ ምሥራቅ 472109፣ ሰሜን 996512
ማዕዘን 3፦ ምሥራቅ 472118፣ ሰሜን 996500
ማዕዘን 4፦ ምሥራቅ 472109፣ ሰሜን 996488

ከማዕዘን 1 ወደ 2 ሲኬድ ወደ ምሥራቅ 9፣ ወደ ሰሜን 12 ሜትር ነው። 9 በራሱ ሲባዛ 81፣ 12 በራሱ ሲባዛ 144፣ ድምሩ 225 ይሆናል፤ ሥሩ 15 ነው። ሌሎቹም ጎኖች እንዲሁ 15 ሜትር ይመጣሉ። ነገር ግን ከማዕዘን 1 እስከ ትይዩው ማዕዘን 3 ያለው ርቀት 18 ሜትር፣ ከ2 እስከ 4 ያለው 24 ሜትር ነው። ቦታው ቀጥ ያለ ካሬ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም 21.2 ሜትር ያህል መሆን ነበረባቸው። ጎኖቹ እኩል ሆነው ቦታው የተጣመመ በመሆኑ፣ ስፋቱ 18 በ24 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 216 ካሬ ሜትር ይሆናል። ገዢው 9 ካሬ ሜትር አጥቷል ማለት ነው። ይህ በአንድ ካሬ ዋጋ ሲባዛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አራት ጎን ያለው ቦታ ሲለካ ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘንም መለካት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ተዳፋት ነው። በካርታ ላይ ያለ ርቀት ሁሉ አግድም ነው። በአራት ሜትር ከፍታ በሚወጣ ዳገት ላይ ሜትር ተዘርግቶ 20 ሜትር ቢነበብ፣ አግድም ርቀቱ 19.6 ሜትር ብቻ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ኮረብታማ ከተማ ይህ ብዙ ጊዜ የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ሰነድ መመዝገብና መብት መመዝገብ

በዓለም ላይ ሁለት ዋና ዋና የምዝገባ ሥርዓቶች አሉ። በመጀመሪያው የሚመዘገበው ሰነዱ ነው። መዝገብ ቤቱ ውሎችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ሻጩ እውነተኛ ባለመብት ስለመሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም። በሁለተኛው የሚመዘገበው መብቱ ራሱ ነው። ይህን ሥርዓት ሮበርት ቶረንስ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ያስጀመረው ሲሆን፣ ባለመብት የሚባለው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ነው።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠውን ሰው እንደ ባለቤት ይገምታል። ነገር ግን ግምቱ በአንቀጽ 1196 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ሊፈርስ ይችላል፤ ለምሳሌ ማረጋገጫው ከደንብ ውጪ የተሰጠ እንደሆነ። ካርታ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የማይነቃነቅ ማስረጃ ግን አይደለም።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ሲወጣ ዓላማው ይህን ክፍተት ማጥበብ ነበር። አዋጁ ይዞታ በመደዳ ወይም በተናጠል እንዲረጋገጥ፣ ወሰኑ እንዲለካና እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኮድ እንዲኖረው አድርጓል። በመደዳ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት እየተነጻጸረ የሚረጋገጥበት ነው። ጥቅሙም የወሰን ግጭት ካለ ሽያጭ ሳይመጣ አስቀድሞ መታየቱ ነው።

ውል ተፈረመ ማለት ተዛወረ ማለት አይደለም

ብዙ ገዢ የሚጎዳው በሦስት ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ውሉን በጽሑፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ወይም ፍርድ ቤት ማስመዝገብ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ከረቂቅ አልፎ እንደ ጸና ውል እንደማይቆጠር በመግለጹ፣ በየቤቱ በሽማግሌ ፊት የተፈረሙ ውሎች ምን ያህል አደጋ ላይ እንደሆኑ ታይቷል።

ሦስተኛው ስመ ንብረት ማዛወር ነው። በአንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። ውልና ማስረጃ ፈርሞ ካርታውን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ገዢ ገና አልጨረሰም። ስሙ ሳይዛወር የሻጩ ገንዘብ ጠያቂ ቤቱን ቢያሳግድ ወይም ወራሾች ቢነሱ ክርክር ውስጥ ይገባል።

የባንክ መያዣም በመዝገብ የሚጸና መብት ነው። ሳይመዘገብ ውጤት የለውም፤ ከተመዘገበ ግን ቤቱ ወደ ማንም እጅ ቢገባ ዕዳው ይከተለዋል።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት

አሠራሩን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል። በመጀመሪያ ከመዝገቡ ኦሪጅናል ማኅደር የሻጩ ስም፣ ፎቶግራፉና የይዞታው ዓይነት ከካርታው ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ ዕዳና እግድ አለመኖሩ በጽሑፍ ይጠየቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ውርስ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ማረጋገጫ ይታያል። ከዚያ ቀያሽ ከካርታው ኮኦርዲኔት ተነሥቶ ማዕዘኖቹን በመሬት ላይ ያሳያል፤ ጎረቤቶችም ቢገኙ ይመረጣል። በመጨረሻም የክፍያው ትልቁ ክፍል ስመ ንብረቱ ሲዛወር የሚፈጸም እንዲሆን በውሉ ይጻፋል።

የቀያሽ ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ወጪ ቆጥቦ በኋላ ጠበቃ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ለገበያው የሚጠቅም የሪል እስቴት ባለሙያም ደንበኛው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ሦስቱን፣ ማለትም መሬቱን፣ ካርታውንና መዝገቡን፣ አመሳክሮ የሚያሳይ ነው።