ቤቱን በሐምሌ እየው

ልጄ፣ እንጅባራ ዳር አዲስ ቤት ልትገዛ ከደላላ ጋር መነጋገር መጀመርህን ሰማሁ። እሰየው፤ በአገርህ ጎጆ ልታበጅ ማሰብህ ደስ አሰኝቶኛል። ልብህ ቅን ነው፤ ግን ችኩል ነህ፣ ወረቀት ማንበብም አትወድም። ስለዚህ ይቺን ቁጭ ብለህ አንብባት። እኛ ኮሶበር እያልን ያደግንባት የመንገድ ዳር ከተማ ዛሬ የዞን መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቤት ፈላጊው በዝቶ በየአቅጣጫው ወደ ገበሬው ማሳ እየሰፋች ነው። ዳንግላም እንዲሁ። ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት ሁሉ ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን አዲስ ቤት ክረምትም፣ ጎረቤትም፣ ፍርድ ቤትም ገና ያልፈተነው ቤት ነው። ገንዘብህ ከእጅህ ሳይወጣ አንተው ፈትነው።

1. መሬት እንደማትገዛ እወቅ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዛው ቤቱንና ቤቱ ባረፈበት ቦታ የመጠቀም መብትን ነው። ከተማ ውስጥ ይህ መብት በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ ካርታ ይታወቃል። ከከተማው ወሰን ከወጣህ ግን ቦታው ማሳ ነው፤ ማስረጃውም የገበሬው የመሬት ደብተር ነው። ዘንድሮ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተቆርጦ ከሰል የወጣበት ማሳ፣ ለከርሞ በገመድ ተሸንሽኖ ቆርቆሮ ቤት ቆሞበት ታገኘዋለህ። ሻጩ «የሸጥኩልህ ቤቱን ነው፣ መሬቱን አይደለም» ይልሃል። አንዱ ውሉን ብድር ያስመስለዋል፣ ሌላው ስጦታ። የማይሸጥ ነገር ስሙ ቢለወጥም የማይሸጥ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት ውሉ ይፈርሳል። ከተማው ሰፍቶ ቦታው ለልማት ሲፈለግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያለው ስም የአንተ አይደለም። በሽምግልና ከተቀመጥኩባቸው ጠቦች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ሻጭ ገንዘቡን በልቶ ጨርሷል፣ ገዥ ጥሪቱን ግድግዳው ላይ አፍስሷል፤ ሽማግሌ የሚያካፍለው ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ደብተር ብቻ ያለውን ቦታ እለፈው።

2. ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄደህ በዓይንህ እየው። ደላላ በስልክ የላከልህን ፎቶ፣ ሻጭ ያሳየህን ኮፒ አትመን። ዋናው ከፋይሉ ጋር ይመሳከር። ስሙ የሻጩ ነው? ካሬ ሜትሩ ከአጥሩ ጋር ይገጥማል? ሜትር ይዘህ ለካ፤ አጥር ሲታጠር ወደ መንገዱ ወይም ወደ ጎረቤት አንድ ሁለት እርምጃ መግፋት የተለመደ ነው። ቦታው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት አጣራና ማረጋገጫውን በጽሑፍ ተቀበል። የግንባታ ፈቃዱንም ጠይቅ። በከተማው ፕላን ላይ መንገድ የሚያልፍበት ወይም ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘ እንደሆነ የሚነግርህ ያው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ አንድ ቀን መጉላላት ያናድድህ ይሆናል። ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተኝተህ ታድራለህ።

3. ሻጩ ብቻውን ሊሸጥ የሚችል ሰው መሆኑን አጣራ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ባለትዳር ከሆነ ቤቱ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራውን ቤት ሚስት ሳትስማማ ባል ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፣ ባልም ሳይስማማ ሚስት እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱም ይፈርሙ። «እሷ ምን ትላለች፣ እኔ አለሁ» የሚልህን ባል አመስግነህ ወደ ቤትህ ሂድ። ከአባት የተወረሰ ቦታ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ስንት እንደሆኑ፣ የትስ እንዳሉ ጠይቅ። ቻግኒ ወይም አዲስ አበባ የምትኖር እህት ተረስታ ውሉ ይጻፋል፤ ቤቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ድርሻዋን ይዛ ትመጣለች። እሷ መብቷን ነው የጠየቀችው፤ ያልጠየቅኸው አንተ ነህ።

4. ቀብድ ለመስጠት አትጣደፍ። ደላላ «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው» ይልሃል፤ ሁልጊዜም ሌላ ገዥ እየመጣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ሁለታችሁንም ያስራል፤ ደላላውን ግን አያስረውም።

5. ውሉን ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ አትጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሦስት ምስክር፣ አንድ ጸሐፊና ሙሉ እምነት ብቻ አይበቃም። ሌላም አለ፤ ግብር ለመቀነስ ሲሉ ዋጋውን ዝቅ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እሺ እንዳትል። ነገር የተበላሸ ዕለት ገንዘቤ ይመለስልኝ ስትል ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ በጓዳ የቆጠርከውን ማን ያይልሃል?

6. ቤቱን በሐምሌ እየው። ከምክሬ ሁሉ አጥብቀህ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህን ነው። እናንተ ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩት የምትመጡት ለጥምቀት፣ ከዚያም ለጥር 23 የፈረስ በዓል ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። እንጅባራ ግን ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የዝናብ አገር ናት። ዝናቡ ሲገባ ወራት ይቆያል፣ ጉሙም ቤት ድረስ ይገባል። ሐምሌ ላይ ሂድና ከዶፍ በኋላ ዙረው። ከላይ ካለው ዳገት የሚወርደው ጎርፍ በየት ይሄዳል? ቦይ አለው ወይስ መሠረቱን እየላሰ ያልፋል? ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ግድግዳውን በመዳፍህ ዳስሰው፤ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ከተነሳና እጅህ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ እርጥበት ከሥር እየሳበ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ነገር ካየህ ቆርቆሮው ያፈሳል። ዳንግላ ሜዳው ላይ ከሆነ ደግሞ አፈሩን እይ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ግድግዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። ሐምሌን መጠበቅ ካልቻልክ ጎረቤት ያሉትን እናቶች ጠይቅ። አምና ጎርፉ የማን ደጅ እንደገባ ያውቃሉ፣ ደግሞም አይደብቁህም።

7. የሠራውን ሰው ፈልግ። የእኛ አገር ሰው ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስሮጥ አይገዛም፤ ለቤት ሲሆን ግን አጥሩን አይቶ ይስማማል። ግንበኛውን አግኝና መሠረቱ ስንት ሜትር እንደተቆፈረ፣ በየትኛው ወር እንደተገነባ፣ ብሎኬቱ በቂ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ ጠይቀው። ሲሚንቶ የተወደደ ጊዜ የተሠራ ቤት አሸዋው ይበዛል፤ ልስኑን በሚስማር ጫር ስታደርገው ከፈረፈረ ነገሩ ገባህ ማለት ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ አትናቀው፤ በደንብ የተመረገ፣ ድንጋይ ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ልጅና የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ወዲያው የቆመበት ከሆነ እንጨቱ ሲደርቅ ይጣመማል፣ በርና መስኮቱ አልዘጋ ይላል። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈትና ዝጋ። ቆርቆሮውም ስንት ጌጅ እንደሆነ ጠይቅ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። 32 ቀጭን ነው፤ 28 ይሻልሃል።

8. የውሃና የመብራት ቆጣሪ በቤቱ ስም መኖሩን አረጋግጥ። ከጎረቤት የተሳበ መስመር ጎረቤቱ የተቀየመ ዕለት ይቆረጣል።

9. ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነውና፣ ከመግዛትህ በፊት የሠፈሩን ሰው ተዋወቅ። ዕድሩ የት እንደሚሰበሰብ ጠይቅ፣ ሰንበት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰላም በላቸው። የወሰን ክርክር ቢኖር ከእነሱ ትሰማለህ። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥም ከራሱ ይልቅ እነሱ በትክክል ይነግሩሃል።

10. ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አታስረክብ። በባንክ ክፈል፤ በከረጢት አይሁን። ካርታው ወደ ስምህ እስኪዞር ድረስ ጥሩ ድርሻ የሚሆነውን በእጅህ አስቀር፤ የስም ማዛወሪያውንና የግብሩን ወጪ ማን እንደሚችልም በውሉ ይጻፍ። ራስህ መምጣት ካልቻልክና ውክልና የምትሰጥ ከሆነ «ይህን ቤት፣ በዚህ ዋጋ» ብለህ ለይተህ ስጥ፤ ሁሉን አድርግልኝ የሚል ውክልና ለወንድምህም ቢሆን ፈተና ነው። ሻጩ ቀሪው ክፍያ እስከ ስም ዝውውሩ ይቆይ ስትለው ቢቆጣ አትደንግጥ፣ አትከራከረውም ደግሞ። ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይከብደውም። የሚከብደው ከሆነ ስልክ ደውልልኝና ሌላ ቤት አብረን እንፈልጋለን።