«ኦርጅናሉ ነው ወይስ ኖርማሉ?» የጥፍር ቀለምን ከፎርጅድ ስለ መለየት



ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብታችሁ የታወቀ ስም ያለው የጥፍር ቀለም ብትጠይቁ፣ ባለሱቁ ቀለሙን ከመጠየቁ በፊት «ኦርጅናሉን ነው ወይስ ኖርማሉን?» ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ጠርሙሱም ጽሑፉም አንድ ነው። የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው። ታዲያ ውድ የሆነው በእርግጥ ኦርጅናል ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው። እኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነንና መልሱን ከጠርሙሱ ውስጥ ብንጀምር ይሻላል።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?

ብዙዎቻችን «ኩቴክስ» የምንለው (ስሙ ራሱ የአንድ አሜሪካዊ የንግድ ምልክት ነው) ተራው የጥፍር ቀለም በአብዛኛው ናይትሮሴሉሎስ በኤቲል አሲቴትና በቡቲል አሲቴት ሟሙቶ የሚሠራ ነው። ሶልቨንቱ ሲተን ስስ ሽፋን ጥፍሩ ላይ ይቀራል። ይህ ፊዚካል ለውጥ ስለሆነ አሴቶን መልሶ ያሟሟዋል።

ጄል ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት አክሪሌቶችና ሜታክሪሌቶች የአልትራቫዮሌት ወይም የኤልኢዲ መብራት ሲያርፍባቸው ፎቶኢኒሼተር የተባለው ንጥረ ነገር ሪአክሽኑን ያስጀምራል፤ ሞለኪውሎቹም ተያይዘው ፖሊመር ይሆናሉ። ይህ ኬሚካል ለውጥ ነው።

ከዚህ ልዩነት አንድ ቀላል ሙከራ እናገኛለን። ከ«ጄሉ» አንድ ጠብታ በአልሙኒየም ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ብርሃን በማይገባበት መሳቢያ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። እውነተኛ ጄል እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ከደረቀ ግን የጄል ስም የተለጠፈበት ተራ ቀለም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ታዋቂ ኩባንያዎች ያለ መብራት የሚደርቅ «የጄል መልክ» ያለው ቀለም በሕጋዊ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ ጽሑፉን በደንብ ማንበብ ይገባል። ጄል በብርሃን ስለሚጠነክር ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ከቀረበም ያጠራጥራል።

ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ መጠኑን። የኦፒአይ የተለመደው ጠርሙስ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሲኤንዲ ሼላክ የቀለም ጠርሙስ ደግሞ 7.3 ሚሊ ሊትር ነው። ከተለመደው የተለየ መጠን ካያችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የባች ቁጥሩን። በካርቶኑና በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በተቃራኒው ቀዩም ሮዙም ቡናማውም አንድ ዓይነት የባች ቁጥር ካላቸው ነገሩ ያጠራጥራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ነው የሚቀየጠው።

ሦስተኛ፣ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር፣ እንዲሁም ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ የሚመስለውን ምልክት። በማሰሮው ላይ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ካለ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ያመለክታል። የፊደል ግድፈት ደግሞ ትልቅ ፍንጭ ነው።

አራተኛ፣ ብሩሹን። ፀጉሩ የሚነቃቀልና አቆራረጡ የተንጋደደ ከሆነ አትመኑት።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

ሰው እንደ ማስረጃ የሚቆጥራቸው ግን ምንም የማያስረዱ ነገሮችም አሉ። ጄል ከመብራቱ ሲወጣ ላዩ ቢጣበቅ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። የአየር ኦክስጅን የላይኛውን ንጣፍ ሪአክሽን ስለሚያግድ ነው፤ በኦርጅናሉም ይታያል። ሲነቀነቅ የሚንኳኳው ጥይትም ለማደባለቂያ የሚገባ ነው፤ ማንም ሊያስገባው ይችላል። «ለባለሙያ ብቻ» የሚለውም ጽሑፍ እንዲሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሄማ የተባለው ሜታክሪሌት ያለበት የጥፍር ምርት ይህን ጽሑፍ እንዲይዝ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ያስገድዳል፤ ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ግን ሕጉን ሳይሆን ጽሑፉን ብቻ ነው የሚገለብጠው።

በእሳት መሞከር ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ናይትሮሴሉሎስም ሶልቨንቱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ሳሎን ውስጥ ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ እየጋመ፣ አጠገቡ ጥፍር የሚቀባበት ሁኔታ በኦርጅናሉም ቢሆን አደገኛ ነው።

ጉዳቱ የማን ነው?

ደንበኛዋ በወር አንዴ ትቀባ ይሆናል። በሳሎኑ የምትሠራዋ እህታችን ግን ቀኑን ሙሉ ትነካዋለች፣ ትተነፍሰዋለች። በደንብ ያልጠነከረ አክሪሌት ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ ጣት ያሳክካል፣ ይሰነጣጥቃል፣ አንዳንዴ የዓይን ሽፋን ያሳብጣል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል። አክሪሌት በጥርስ ሙሌት ውስጥም ስላለ ጣጣው እስከ ጥርስ ሐኪም ቤት ሊከተላት ይችላል። ፎርጅድ ዕቃ ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ሐኪሙም ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገራል።

እውነቱን ለመናገር ኦርጅናልም ሁልጊዜ ደህና ማለት አይደለም። ቲፒኦ የተባለው ፎቶኢኒሼተር በታወቁ ጄሎችም ውስጥ ሲገባ ቆይቶ በአውሮፓ ኅብረት የታገደው ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ልዩነቱ ኦርጅናሉ የያዘውን መጻፉና የሚጠየቅ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው።

ዋናው ማስረጃ

እስካሁን የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ፎርጅዱን ሊያጋልጡ ይችላሉ፤ ኦርጅናሉን ግን አያረጋግጡም። መለያ ይታተማል፣ ባዶ ጠርሙስም ይሞላል። (ስለዚህ የጨረሳችሁትን ጠርሙስ መለያውን ሳትፍቁ ለቆራሌ አትስጡ።) ለማስመሰል ከባዱ ነገር ዕቃው የመጣበት መንገድ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርስ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ከገባ አስመጪው ዲክላራሲዮን አለው፣ ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አለው፣ ባለሱቁም ከማን እንደገዛ ያውቃል። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» የሚለው መልስ ግን የከተማ ስም እንጂ የሻጭ ስም አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥና ዕቃው ላይ መግለጫ እንዲኖር ደንግጓል። ደረሰኝ መጠየቅ እንግዲህ መጨቃጨቅ አይደለም። «ለአንድ ኩቴክስ ደረሰኝ?» ብሎ የሚስቅ ቢኖርም ይሳቅ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ርካሽና ፎርጅድ አንድ አይደሉም። ስሙ ባይታወቅም የራሱን አምራች፣ የራሱን አድራሻና ንጥረ ነገሮቹን በግልጽ የጻፈ ርካሽ ቀለም፣ የሌላውን ስም ለብሶ በውድ ከሚሸጠው ይሻላል። የተማሪ ኪስም የሚችለው እሱን ነው። በተለይ ከትምህርት ጎን ለጎን ሳሎን የምትሠሩ እህቶች፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ባለቤቷ ከማን እንደገዛችው ጠይቁ። እጁ የናንተ ነውና።