በግንብ ሥር ላለ ደረቅ የአትክልት መደብ የሚስማማ ተክል ስለ መምረጥ

እንደ መቀሌ ባለ፥ ዝናሙ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ በሚወርድበት አገር፥ በግንብ ሥር ያለ ጠባብ መደብ ችግሩ ሦስት ነው፤ ድንጋዩ የፀሐይን ትኩሳት ይመልስበታል፤ የጣራው ክፈፍ ዝናሙን ይከለክለዋል፤ አፈሩም ስስ ነው። ስለዚህ ውሃ ከማመላለስ አስቀድሞ ተክሉን መምረጥ ይገባል።

እሬት በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ስለሚያከማች ድርቁን ይችላል። የጥብስ ቅጠልም ውሃ ካልተኛበት በስስ አፈር ይጸድቃል፤ መደቡን እንዳያልፍ ግን ይከርከም። ቅንጭብ ድርቅ ቢችልም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ሕፃናት በሚመላለሱበት አይተከል። ባሕር ዛፍም ውሃውን ስለሚሻማ ከዚያ ይራቅ።

ተከላው በክረምት መግቢያ ይሁን፤ በመጀመሪያው በጋ ግን ሥር እስኪሰድ ድረስ ይጠጣ።

የወረዳ ሹማምንትና ባለ ግቢዎች ሆይ፥ ይህን ብታሠሩ በበጋ ለአበባ የሚፈሰው ውሃ ለሰውና ለከብት ይተርፋል።