የቅድመ በረራ ስህተትና የበረራ ደህንነት

አውሮፕላን የሚወድቀው ሞተሩ በመበላሸቱ ወይም ከባድ ማዕበል ስለገጠመው ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የብዙ አደጋዎች መነሻ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የተፈጸመ፣ በጊዜው ቀላል የሚመስል ግድፈት ነው። በዚህ ጽሑፍ ቅድመ በረራ ፍተሻ ምን እንደሆነና መጓደሉ ምን እንደሚያስከትል በአንድ የታወቀ አደጋ አማካይነት እንመለከታለን።

ቅድመ በረራ ፍተሻ ምንድን ነው?

ቅድመ በረራ ፍተሻ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የአውሮፕላኑን ይዞታና የጉዞውን ዕቅድ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ነው። በትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ይህን ኃላፊነት በርካታ ባለሙያዎች ይጋሩታል። የግል አብራሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ስለሆነ እርሱ የዘለለውን የሚያይለት ሌላ ሰው የለም።

ከፍተሻው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነዳጅ ነው። አብራሪው የነዳጁን መጠን በጠቋሚው ብቻ ሳይሆን ታንከሩን ከፍቶ በዓይኑ ጭምር እንዲያይ ይመከራል። ከታንከሩ ሥር ጥቂት ነዳጅ ቀድቶም ውሃ አለመኖሩን ያረጋግጣል። የአንድ ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን ክብደት 0.72 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የውሃ ግን 1 ኪሎ ግራም ነው። በመሆኑም ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ ሳይወገድ ከቀረም ወደ ሞተሩ ገብቶ ሊያጠፋው ይችላል።

የጆን ዴንቨር አደጋ

አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ የግል አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1997 በቅርቡ የገዛትን ሎንግ-ኢዚ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ይዞ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የሞንተሬይ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣ። በዚህች አውሮፕላን የነበረው ልምድ ግን አነስተኛ ነበር።

አውሮፕላኗ ሁለት የነዳጅ ታንከሮች ነበሯት። ሞተሩ ከየትኛው ታንከር እንደሚቀዳ የሚወስነው እጀታ በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት በአብራሪው እግሮች መካከል መሆን ሲገባው፣ አውሮፕላኗን የሠራው ግለሰብ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አድርጎት ነበር። የነዳጅ መጠን ማሳያዎቹም መለኪያ ምልክት ያልተጻፈባቸውና ከኋላ መቀመጫ ካልሆነ በቀር በቀጥታ የማይታዩ ነበሩ። ዴንቨር ከመነሳቱ በፊት ስለ እጀታው አስቸጋሪነት ከአንድ ቴክኒሻን ጋር ተነጋግሯል፤ ማሳያዎቹን ለመመልከት እንዲረዳውም ትንሽ መስተዋት ተሰጥቶታል። ነዳጅ ይሞላ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን የሚበርረው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ በመሆኑ እንደማያስፈልገው ገለጸ።

ከጥቂት ደቂቃዎች በረራ በኋላ አውሮፕላኗ በፓስፊክ ግሮቭ ከተማ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀች፤ ዴንቨርም በ53 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ፣ አብራሪው እጀታውን ለማዞር ሲሞክር ትኩረቱ እንደተከፈለና ሳያስበው የቀኝ እግሩን ፔዳል በመጫኑ አውሮፕላኗ ከቁጥጥር ውጭ እንደሆነች ደመደመ። መርማሪዎቹ ራሳቸው ተመሳሳይ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ወደ ኋላ ለመዞር ሲሞክሩ ሰውነታቸውን ለመደገፍ ቀኝ እግራቸው ፔዳሉን ሲገፋ አስተውለዋል። ቦርዱ ነዳጅ አለመሞላቱን፣ ማለትም በቂ ያልሆነውን የቅድመ በረራ ዝግጅት፣ የአደጋው አንድ ምክንያት አድርጎ መዝግቧል። የእጀታው አቀማመጥና የአብራሪው የልምድ ማነስም አስተዋጽዖ እንዳደረጉ ገልጿል።

ጊዜው ምን ያህል ነበር?

የዓይን ምስክሮች አውሮፕላኗ ከ350 እስከ 500 ጫማ ከፍታ ላይ እንደነበረች ገምተዋል፤ ይህም ከ105 እስከ 150 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ወዲያውኑ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ክንፎቹ እስካሉና ፍጥነቱ እስከተጠበቀ ድረስ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ለምሳሌ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢወርድ 150 ሜትሩን ለመጨረስ 37 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቁጥጥር ጠፍቶ በነፃ አወዳደቅ ቢወርድ ግን፣ ከፍታ የስበት ፍጥንጥነት ግማሽ በጊዜ ካሬ ሲባዛ መሆኑን በመጠቀም ብናሰላ፣ ጊዜው ወደ 5.5 ሴኮንድ ይቀንሳል። አፍንጫውን ወደ ታች ቀስሮ በፍጥነት ለሚወርድ አውሮፕላን ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ከዚህ ስሌት እንደምንረዳው ትልቁ አደጋ የነዳጁ ማለቅ ብቻ ሳይሆን፣ ችግሩን ለመፍታት በሚደረግ ጥረት አውሮፕላኑን መቆጣጠርን መዘንጋት ነው። በምድር ላይ ጥቂት ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ በአየር ላይ የቀሩትን ጥቂት ሴኮንዶች ይሻማል።

ልምድ ብቻውን ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 በኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ ለሙከራ የተነሣው የቦይንግ ሞዴል 299 አውሮፕላን ወዲያውኑ ወድቆ ተቃጠለ። ምክንያቱ አውሮፕላኑ በቆመበት የመሪ ክፍሎቹን ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ መቅረቱ ነበር። አብራሪው የተመሰከረለት ባለሙያ ስለነበር ስህተቱ ከችሎታ ማነስ የመጣ ሊባል አይችልም። ከዚህ አደጋ የተወሰደው ትምህርት የሰው ትውስታ ብቻውን አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ አብራሪዎች እያንዳንዱን ተግባር ከጽሑፍ እያነበቡ የሚያረጋግጡበት ቼክሊስት በስፋት ሥራ ላይ ዋለ።

የነዳጅ መጠባበቂያ ደንብም በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በዓይን እያየ በቀን የሚበርር የአውሮፕላን አብራሪ መጀመሪያ ሊያርፍበት ካሰበው ቦታ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በሌሊት ደግሞ 45 ደቂቃ የሚያስኬድ ነዳጅ እንዲተርፈው ሆኖ መነሳት አለበት። መጠባበቂያው ዕቅዳችን ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድመን የምናምንበት መንገድ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ባየናቸው አደጋዎች ችግሩ ከመነሳት በፊት ሊታረም ይችል ነበር። በቤተ ሙከራ መሣሪያውን ሳይፈትሽ ሙከራ የሚጀምር ተማሪም ሆነ ክንፍ ስር ሳይጎነበስ የሚነሣ አብራሪ የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ ያላረጋገጡትን እንደሚያውቁት ይቆጥራሉ። ልዩነቱ ተማሪው ሙከራውን መድገም መቻሉ ነው። ለአብራሪው ግን ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።