የአሥር ቀን ሙከራ፦ ዳንኤልና የእኛ ከሰዓት

የወጣቶች ጥናት
የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዳንኤል ምዕራፍ 1፤ ዳንኤል 6፥10፤ ኤርምያስ 29፥4-14፤ ማቴዎስ 12፥43-45፤ 1ኛ ነገሥት 19፥1-8

በአሊ አዴና በሆል ሆል ካምፕ ያላችሁም፣ እዚህ ጅቡቲ ከተማ በባልባላና በየካርቲዬው የምትኖሩም፣ የዛሬው ጥናታችን ስለ ከሰዓት በኋላው ጊዜያችን ነው።

ጠዋቱን እንደምንም እንገፋዋለን። ውሃ መቅዳት አለ፣ ሰልፍ አለ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የሚወጣም አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ይቆማል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ጫቱ የሚገባውም ያኔ ነው። ከሐረርጌ ተለቅሞ፣ በድሬዳዋ በኩል ድንበር ተሻግሮ በየቀኑ ይደርሳል። ጭር ያለው ከተማ በአንዴ ይነቃል፤ በየጥጉ ሴቶች ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ይሸጣሉ። ወደ ካምፖቹም መንገድ አያጣም።

ወጣቱ ታዲያ ምን ይላል? «ሥራ የለኝ፣ ትምህርት የለኝ፣ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?» ይላል። ልብ በሉ፤ ብዙው ሰው መቃም የሚጀምረው ቅጠሉ ስለሚጣፍጥ አይደለም። ቅጠሉማ መራራ ነው። የሚጀምረው ሰዓቱ ባዶ ስለሆነና ጓደኞቹ እዚያ ስላሉ ነው። የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይኼ ነው፦ ልማድ በመሐላ ብቻ አይለቅም፤ ልማድ የሚለቀው የያዘው ሰዓት በሌላ ነገር ሲሞላ ነው።

ቅጠሉ ምን ያደርጋል?

ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውን የሚያነቃቃው በዋናነት እሱ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ካቲኖኑ እየፈረሰ ኃይሉን ያጣል። መኪናውን ሁሉ እንደዚያ የሚያስሮጠው ይኼ ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ ጨዋታ ይደራል። ምርቃናው ሲመጣ ሰው ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ካናዳ ይገባል፤ ያውም ከምንጣፉ ሳይነሣ። ምርቃናው ሲወርድ ግን የሚቀረው ገራባና ዝምታ ነው። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ይነጋል። ያንን ለማብረድ ጨብሲ ብሎ መጠጥ የሚጨምርም አለ፤ አንዱ ልማድ ሌላውን እየጠራ ይመጣል። በማግሥቱ የቀረበት ሰው ደግሞ ሐራራ ይይዘዋል፣ ይደብተዋል፣ ሲተኛም ዱካክ ያስጨንቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ጫትን ጥገኛ ሊያደርጉ ከሚችሉ ነገሮች መካከል መድቦታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጥገኝነቱ በአብዛኛው የስሜትና የሐሳብ ነው፤ ከቀላል እስከ መካከለኛም ይባላል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሰው ሊላቀቀው ይችላል ማለት ነው። መልሶ መስፈርን ለምትጠብቁ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፦ ጫት በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው፤ በአሜሪካም ካቲኖን በጥብቅ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። እዚህ የያዝነውን ልማድ ሻንጣ ውስጥ ከትተን ብንሄድ እዚያ ፖሊስ ይጠብቀናል።

ገንዘቡንም እናስላው። ዋጋው ከቦታ ቦታና ከቀን ቀን ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል በቀን 500 ፍራንክ እንበል። በወር 26 ቀን ቢቃም 13,000 ፍራንክ ነው፤ ከ70 ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ ስንት ቀን ምሳ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ።

ይህን የምንለው የአገሩን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። በርጫ ለብዙ ጎረቤቶቻችን ነገር የሚመከርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቦታ ነው። የምትሸጠውም እናት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ጫትን በስሙ አያነሣም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሰዓታችንን የያዘው ማን ነው?

ዳንኤልም በሰው አገር ነበር

ዳንኤል፣ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ወደ ባቢሎን ሲወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። አገራቸውንና ቤታቸውን አጡ። ስማቸው እንኳ ተቀየረ፤ ብልጣሶር፣ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ተባሉ። መታወቂያ ካርዱ ላይ ስሙ ተበላሽቶ የተጻፈበት ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። ከዚያም ለ3 ዓመት የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት እንዲማሩ ታዘዘ።

ዳንኤል ሁሉንም እምቢ አላለም። ቋንቋውን ተማረ። በአዲሱ ስም ሲጠሩትም ጠብ እንዳነሣ አልተጻፈም። በአንድ ነገር ብቻ ጸና፤ በንጉሡ ማዕድና በወይን ጠጁ ላለመርከስ። አንድ ነገር መምረጡ ድካም አልነበረም። በአንድ ቀን ሁሉን እቀይራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አንዱንም ሳይቀይር ይቀራል። እስቲ ዳንኤል ያደረጋቸውን አራት ነገሮች እንመልከት።

አንደኛ፣ አስቀድሞ በልቡ ወሰነ። ማዕዱ ቀርቦ ሽታው አፍንጫው ከገባ በኋላ አይደለም ማሰብ የጀመረው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጓደኛ በር ላይ ቆሞ «ና እንጂ» ሲል መወሰን ከባድ ነው። ውሳኔው ጠዋት፣ ከጸሎት ጋር ይሁን።

ሁለተኛ፣ በትሕትና ጠየቀ። የጃንደረቦቹ አለቃ ንጉሡን ስለፈራ ፈቃደኛ አልነበረም። ዳንኤል አልተሳደበም፤ በላያቸው የተሾመውን መጋቢ ቀርቦ ለመነው። እናንተም የምትቅሙበትን ቤት ስትተዉ በሩን አትዝጉ፣ ጓደኞቻችሁን «እናንተ ሱሰኞች» አትበሉ። «ለአሥር ቀን አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ምትክ አቀረበ። «አልበላም» ብሎ ባዶ ሆዱን አልተቀመጠም፤ ጥራጥሬና ውሃ ይሰጠን አለ። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ተጠርጎ ስለተሰናዳ ባዶ ቤት ይናገራል። የወጣው ክፉ መንፈስ ቤቱን ባዶ ሲያገኘው ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ ተመለሰ። ጫት ትቶ ከሰዓቱን በሙሉ ተጋድሞ ስልክ የሚነካካ ወጣት ቤቱን ጠርጓል፤ ግን አልሞላውም።

አራተኛ፣ ቀን ቆረጠ፤ ብቻውንም አልሆነም። የጠየቀው አሥር ቀን ብቻ ነበር። አሥር ቀን ሊቆጠር ይችላል። ደግሞም አራት ነበሩ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያበረታ ነበር ብለን ብንገምት አንሳሳትም። በአሥሩ ቀን መጨረሻ ፊታቸው አምሮ፣ ሰውነታቸው ወፍሮ ታየ።

በዚያ ዕድሜ የተጀመረው ልማድ የት እንዳደረሰው በምዕራፍ 6 እናያለን። ዳንኤል ሸምግሎ፣ ባቢሎን ከገባ 60 ዓመት አልፎት፣ የሞት አዋጅ ሲወጣ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው። ያን ቀን ድፍረት ከየትም አልፈለገም። ልማዱ ያዘው።

የእኛ አሥር ቀን

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተጀማመሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦

እንቅልፍ። ኤልያስ ሞቱን እስኪለምን ድረስ በደከመው ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለት ስብከት አልነበረም። አስተኛው፤ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ እንደገናም አስተኛው። የደከመ ሰውነት ይዞ መወሰን ከባድ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ስልኩ ከእጅ ይውጣ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሡ።

ምግብና ውሃ። ከ7 ሰዓት በፊት ያለውን ያህል ምሳ ብሉ፤ ባዶ ሆድ ለሐራራ ይመቻል። በዚህ ሙቀት ጥም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ።

ከ7 እስከ 10 ሰዓት። ዋናው ሰዓት ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት አረፍ በሉ፤ ከዚያ ተገናኙ። የምታጠኑት ፈረንሳይኛ ይሁን። ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የዚህ አገር የሥራ ቋንቋ ነው። ጅቡቲ በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ የመማርና የመሥራት መብት ይሰጣል፤ ያንን መብት ለመጠየቅ ግን ቋንቋ ያስፈልጋል። በቀን አምስት ቃል ብትይዙ በአሥር ቀን ሃምሳ ቃል ነው። ሶማልኛ ወይም አፋርኛ የሚያውቅ ለሌላው ያስተምር፤ ፊደል የቆጠረ ለትንንሾቹ ያስነብብ።

ውሃና ማጀት። የወንዶቹ ከሰዓት በጫት ሲያልቅ የእህቶቻችን ከሰዓት በጀሪካንና በማጀት ያልቃል። ወንድሞች፣ ያገኛችሁትን ሰዓት ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፤ ጀሪካኑን ተቀበሏቸው። እነሱም አብረው ይማሩ።

ከ11 ሰዓት በኋላ። ፀሐይ ስትበርድ ኳስ ተጫወቱ፣ ተራመዱ፣ ሰውነታችሁ ይድከም። ሌሊት እንቅልፉ ራሱ ይመጣል።

ገንዘቡ። የጫቱን ፍራንክ በየቀኑ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ፤ ቆርቆሮውን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። በአሥረኛው ቀን አንድ ላይ ቁጠሩት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ድካም፣ መነጫነጭ፣ ዱካክ ሊኖር ይችላል፤ ከቀናት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚከታተለው የሚመስለው ወይም መኖር የጠላ ካለ ግን በጸሎት ብቻ ተዉት አንልም። ለአንድ ታላቅ ሰው ይንገር፤ አብራችሁትም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

ቢያዳልጠንስ? በአራተኛው ቀን የቃመ ሰው «ያው ተበላሸ» ብሎ አይተወው። ምሳሌ 24፥16 ስለ ጻድቅ ሲናገር የማይወድቅ አላለውም፤ ሰባት ጊዜ ወድቆ የሚነሣ ነው አለ። በማግሥቱ ጠዋት ለጓደኞቹ ይንገርና አምስተኛውን ቀን ይቀጥል።

እስከ መቼ?

«ፕሮሰሴ ሲያልቅ፣ ከዚህ ስወጣ እስተካከላለሁ» የሚል አለ። በኤርምያስ ዘመንም ምርኮው በሁለት ዓመት ያበቃል የሚል ነቢይ ነበር፤ ሕዝቡም መስማት የፈለገው ያንን ነበር። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት ነው ብሎ ደብዳቤ ላከ፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። አሊ አዴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስደተኛ ያስተናግዳል፤ ልጅ ሆኖ የገባ ዛሬ አባት ሆኗል። መቼ እንደምንወጣ የምንወስነው እኛ አይደለንም። ስንወጣ ምን ዓይነት ሰው ሆነን እንደምንወጣ ግን ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እየተወሰነ ነው። ተስፋውም አለ፤ በዚያው ደብዳቤ እግዚአብሔር ለምርኮኞቹ ያሰበው ክፉ እንዳልሆነ ተጽፏል።

ለውይይት

1. ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ትናንት በምን አሳለፋችሁት? በሐቀኝነት ተናገሩ።
2. ዳንኤል እንዳደረገው አንድ ነገር ብቻ ብትመርጡ ምን ትመርጣላችሁ? ጫት ለማይቅም ሰው ስልክ፣ መጠጥ ወይም ሐሜት ሊሆን ይችላል።
3. በምን ትተኩታላችሁ? ከማን ጋር?
4. የእናንተን አሥር ቀን የሚጀምረው የትኛው ቀን ነው? ቀኑን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጸሎት

አምላካችን ሆይ፣ በባቢሎን ከዳንኤል ጋር የነበርህ በዚህም ሙቀትና በዚህ ሁሉ መጠበቅ ውስጥ ከእኛ ጋር ሁን። ቀናችንን በእጅህ አድርግልን። የደከመውን አሳርፍ፣ የወደቀውን አንሣ፣ ባዶውን ሰዓት ሙላልን። ለተቀበለችን አገርና ለጎረቤቶቻችን ሰላም ስጥ። አሜን።